የቆረጥኩት አሥራ አንድ ሰከንድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ኬክ አስቆርሰው ንግግር አድርግ አሉኝ። ለብዙ ዓመታት የሌላውን ሰው ንግግር ስቆርጥና ስቀጥል ስለኖርኩ የራሴ ሲሆን አፌ ይተሳሰራል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ተቀመጥኩ። ቆይቶ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ጠጋ ብላ፣ «በዚህ ሁሉ ዓመት የሚቆጭህ ሥራ አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ወደ ቤቴ ወደ ዳሊ ሲቲ እየነዳሁ ሳለ መዋሸቴ ከነከነኝ። ልጅቷ የጠየቀችኝ በቅንነት ነበር። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው። የመጨረሻዎቹ ሃያ ምናምን ዓመታት ሥራዬ የድሮ ፊልሞችን እያየሁ ምን እንደያዙ መመዝገብ ነበር። ሰላማዊ ሥራ ነው፤ ብዙ የሚወራለት የለም። የምጽፈው ከዚያ በፊት፣ ኦክላንድ ውስጥ ፊልም እየቆረጠ የሚገጣጥም ቆራጭ ስለነበርኩበት ጊዜ ነው።

አሜሪካ የመጣሁት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በስድሳዎቹ አጋማሽ፣ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሪክ ልማር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዶርም አብረውኝ ከሚኖሩ ልጆች ጋር ስለ ኮሪያ ጦርነት የተሠራ ፊልም ለማየት ሄድን። አጎቴ ኮሪያ ዘምቶ ጉልበቱ ውስጥ ብረት ይዞ የተመለሰ ወታደር ነው። ከሲኒማ ቤቱ ስንወጣ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«የኢትዮጵያ ወታደር? ኮሪያ?» አለኝ አንዱ። «ታዲያ ፊልሙ ላይ የታሉ?»

ሳቁ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ሁለተኛ ስለ አጎቴ አላነሳሁም።

በሦስተኛው ዓመት ስኮላርሺፔ ተቋረጠና ኦክላንድ ገባሁ። ቴሜስካል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ የምትርቅ ትንሽ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሌሎች ሲኒማ ቤቶች አሳይተው የጨረሱትን ፊልም የምታሳይ፣ ወንበሮቿ የተቀዳደዱ ቤት ነበረች። ሥራዬ የፊልም ጥቅል ወደ ፎቅ መሸከም፣ ያለቀውን ወደ ኋላ መጠምጠም፣ የፕሮጀክተሩን ክፍል መጥረግ ነው። ደመወዙ ለክፍል ኪራይና ለምግብ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም።

ፎቅ ላይ ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሱት ሚስተር ሆሊስ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሙያውን ከማንም የበለጠ ያውቁት ነበር። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ግን ያኔ ጥቁር ሰው ወደ ፕሮጀክተር ክፍል አያስገቡም፤ ስለዚህ ዕውቀታቸው ሁሉ እዚያች አሮጌ ቤት ውስጥ ቀረ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ባይኖርም እኔ በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ነበር የምላቸው።

ፊልም ሲመጣ እንዲሁ ማሽኑ ላይ አይጭኑም። ነጭ የጥጥ ጓንታቸውን አድርገው፣ ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል ያሳልፉታል። ዓይናቸውን ጨፍነው። ጠርዙ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ እንኳ ከተሰነጠቀ ጣታቸው ያገኘዋል፤ ያቆሙና ይጠግኑታል። መጠገንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጠርዙ ላይ ያለውን የሥዕሉን ሽፋን በስለት ፍቀህ እስኪነጣ ታነሳለህ። ብዙ ከፋቅህ ፊልሙ ይሳሳል፤ ትንሽ ከፋቅህ ሙጫው አይዝም። አንድ ጠብታ ሙጫ፣ ከዚያ መጫን፣ ከዚያ መታገስ። «የተቀጠለበት ቦታ ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ድምፅ ከሰማሁ ሥራህ መጥፎ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ካርድ ነው። ለእያንዳንዱ ጥቅል ያዩትን በካርድ ይጽፋሉ። አንድ ቀን እኔ እንድጽፍ ሰጡኝና «ወታደሮች በመንገድ ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን ቀደው አዲስ ሰጡኝ።

«ስንት ናቸው?» አሉኝ። «ምን ይዘዋል? ወዴት ነው የሚሄዱት? ጥላቸው በየት በኩል ነው? ያየኸውን ጻፍ። የመሰለህን ለሌላ ሰው ተውለት።»

የጦርነት ፊልም በብዛት እናሳይ ነበር። አንድ ቀን በፕሮጀክተሩ ክፍል ትንሽ መስኮት በኩል ቁልቁል እያየን ሳለ፣ ድንች የሚልጥ አንድ ጥቁር ወታደር እየዘፈነ መጣ። ከዚያ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ።

«አሁን ይሞታል» አሉ ሚስተር ሆሊስ።

«አይተውታል ፊልሙን?»

«አላየሁትም።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሞተ። ነጩ ጓደኛው አቅፎት አለቀሰ፤ ፊልሙም ወደ ሌሎቹ ተመለሰ። ሚስተር ሆሊስ ከመስኮቷ ዞር ብለው የሚቀጥለውን ጥቅል ማዘጋጀት ጀመሩ።

«አንድ ሰው ነው የሚፈቅዱልን» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «እሱም ያበስላል፣ ወይም ይዘፍናል። ደህና ሰው ከሆነ ደግሞ ይሞታል። እኔ ፈረንሳይ ውስጥ የጭነት መኪና ስነዳ ከፊቴም ከኋላዬም ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጥቁር ነበር። እነዚህን ፊልሞች የሚሠሩት ሰዎች ቤንዚኑ በምን እንደደረሰላቸው አንድ ቀን ይጠይቁ ይሆን?»

ከዚህ በላይ ስለ ጦርነቱ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሲኒማ ቤቷ ተዘጋች። ሚስተር ሆሊስ ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ የማሳያ ክፍሉንና የፊልም መጋዘኑን እንዲይዙ ተቀጠሩ። እኔንም አስቀጠሩኝ። እዚያ ነው ቆራጭነትን የጀመርኩት። የድርጅቱ ባለቤት ሚስተር ክሬን ይባላል፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ብልህ፣ ፈጣን፣ ሰው የሚያስቅ። ጎዳናው በየሳምንቱ በሰልፍ በሚሞላበት፣ በከተማው ጥቁሩና ፖሊሱ በተፋጠጡበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ምሳ ጋብዞኝ፣ «አንተ እኮ እንደ እዚህኞቹ አይደለህም። ቁጣ የለብህም፤ ካንተ ጋር መሥራት ቀላል ነው» አለኝ።

እንደ ምስጋና ነበር የወሰድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰባዎቹ እንደገቡ ትልቅ ሥራ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ውስጥ አንዲት ከተማ የያዘ የእግረኛ ጦር ሻለቃ ታሪክ፣ የአንድ ሰዓት ፊልም፣ በቴሌቪዥን የሚታይ፤ ከዚያም ለትምህርት ቤቶች የሚሰራጭ። የሻለቃው የድሮ ወታደሮች ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው፤ ሁሉም ነጮች ናቸው። የጦር ሜዳውን ሥዕል ደግሞ ከአንድ የመንግሥት ፊልም ማከማቻ በጥያቄ አስመጣን። ከመጡት ጥቅሎች በአንዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «መንገድ፣ ወታደሮች» ብቻ ይላል። ሚስተር ሆሊስ ወረቀቱን አይተው ፈገግ አሉ።

ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ታንክ አለፈ፤ የተሰበረ ድልድይ አለፈ። ከዚያ ጭቃ መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጥቁር ወታደሮች በአንድ ረድፍ መጡ። ምግብ አብሳይ አይደሉም፤ ሾፌር አይደሉም። ወደ ጦርነት የሚሄዱ እግረኞች ናቸው። አራተኛው ሰው ወደ ካሜራው ዞር ብሎ የካፖርቱን ኮሌታ አስተካከለና አለፈ።

ፕሮጀክተር መሐል ላይ ካቆምከው የመብራቱ ሙቀት ፊልሙን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ሚስተር ሆሊስ አላቆሙትም። እስከ መጨረሻው አሳይተው፣ ጠምጥመው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። ከዚያ መብራት አብርተው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አልበርት ሞስ ነው» አሉኝ። «አለቃዬ ነበር። አንድ ድንኳን ውስጥ ነው የኖርነው።»

ያን ቀን ነው ሁሉንም የነገሩኝ። በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት ነጩ እግረኛ ጦር ክፉኛ ስላለቀ ጥቁሮችም በፈቃደኝነት እንዲገቡ ተጠየቀ። የሚሄደው ግን ማዕረጉን ትቶ፣ ተራ ወታደር ሆኖ ነው፤ ጥቁር ነጭን እንዳያዝ። አልበርት ሞስ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከካፖርቱ ክንድ ላይ የሻምበል ባሻነት ምልክቱን በምላጭ አንድ በአንድ ፈታው። ሚስተር ሆሊስ አጠገቡ ነበሩ።

«ና እንሂድ አለኝ» አሉ። «እኔ አልሄድኩም። ሚስት ነበረችኝ፤ እሱም ነበረችው፤ ያውም እርጉዝ። ግን ሄደ። በመጋቢት እንደሞተ ሰማን። ለቤተሰቡ የደረሰው ወረቀት ላይ የተጻፈው የድሮው የጭነት መኪና ክፍሉ ነው። እግረኛ ሆኖ መዋጋቱን የሚናገር አንድ መስመር የለም። ሚስቱ እስክትሞት ድረስ በየገናው ካርድ እንላላክ ነበር። ልጁ ዶሪስ ሳን ሆዜ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ናት። አባቴ እዚያ ጦርነት ላይ ሞቷል ስትላቸው ተማሪዎቿ አያምኗትም። ፊልሞቹን አይተዋላ፤ ፊልሞቹ ላይ ደግሞ እኛ የለንም። እኔ እንደተዋጋ ብነግራትም፣ ሊያጽናናኝ ነው ብላ ነው የምታስበው።»

ከዚያ አይተውኝ የማያውቁትን አስተያየት አዩኝ።

«ፊቱ በደንብ የሚታይበትን ሁለት ሦስት ሥዕል ቆርጠህ ስጠኝ። ፎቶ ላሳትምላት።»

ጥቅሉን እኔ ነበርኩ የምይዘው። «ዓርብ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። ካርዱንም ያኔውኑ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ስንት ሰው፣ ወዴት፣ ምን ይዘው። አራተኛው ሰው ክንድ ላይ ጨርቁ ከሌላው ጠቆር ያለበት ቦታ እንዳለም ጻፍኩ፤ ምልክቱ ተነስቶ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ነው።

ፊልሙን ስገጣጥም ያንን መንገድ ከድልድዩ ቀጥሎ አስገባሁት። አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር፤ ሲለካ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ሐሙስ ዕለት ሚስተር ክሬን ሊያይ ገባ። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እርሳሱን ወንበሩ ላይ መታ መታ አደረገ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ።

«በዚያው መንገድ የሄዱ ወታደሮች ናቸው። አንደኛውን ሚስተር ሆሊስ ያውቁታል።»

«ጥሩ ሥዕል ነው» አለ። የምሩን ነው። «ግን ቃለ መጠይቅ ካደረግንላቸው ሰዎች አንድም ስለነሱ አላነሳም። ተመልካቹ እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ለመመለስ ጊዜ የለንም። ታሪኩን ያደናግረዋል። አውጣው።»

«ግን እኮ እዚያ ነበሩ።»

«ታደሰ፣ የማይመለስ ጥያቄ ፊልም ውስጥ አይገባም። ደግሞ አንተን ምን አስጨነቀህ? ይሄ ያንተ ጣጣ አይደለም።»

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ይሄ የነሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ፤ ሥራዬን ልሥራ። ገበታዬ ላይ ተቀመጥኩና ቆረጥኩት። ድልድዩን ከሚቀጥለው ሥዕል፣ እጁን ከሚያወዛውዝ አንድ ነጭ ወታደር ጋር ቀጠልኩ። እንቅስቃሴው በጣም ስለተገጣጠመ መሐሉ ላይ አንድ ነገር መኖሩን ማንም አይጠረጥርም። ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ድምፅ አልነበረውም። ሚስተር ክሬን መልሶ ሲያየው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ንጹሕ ሥራ» አለኝ።

የተቆረጠውን ቁራጭ ከሌሎቹ ጋር ቁርጥራጭ ፊልም የማንጠለጥልበት መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። ዓርብ ሚስተር ሆሊስ የሐኪም አፖይንትመንት ስለነበራቸው አልመጡም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሮጌ ፊልም እየሰበሰበ ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን የሚያወጣ ሰው በመኪና መጣ። ሚስተር ክሬን ክፍሉን አጽዳው አለኝ። የራሴን መስቀያ በራሴ እጅ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት። እየገለበጥኩ ስለ ሌላ ነገር አስብ ነበር፤ ስለ ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ሆሊስ በሩ ላይ ቆመው «ቆርጠህልኛል?» ሲሉኝ ነው የገባኝ።

«ላብራቶሪ ልኬዋለሁ» አልኳቸው። «ፎቶውን እነሱ ቢያሳትሙት ይሻላል ብዬ።»

አመሰገኑኝ። ሰብሳቢው ጋ ደወልኩ፤ የዓርብ ዕቃ ቅዳሜ ብሩን የሚለየው ማጠቢያ ውስጥ ገብቷል አለኝ። ማከማቻው ሌላ ቅጂ ይልክልናል ብዬ አሰብኩና በአስቸኳይ ጻፍኩላቸው። መልሱ እስኪመጣ ልታገስ ብዬ በየቀኑ ዋሸሁ። «ላብራቶሪው ሥራ በዝቶበታል» አልኩ። «በሚቀጥለው ሳምንት ብለዋል» አልኩ። እሳቸው ዶሪስ ጋ ደውለው ፎቶ ሊመጣልሽ ነው ብለዋት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ዋናው ፊልም ተበላሽቶ ተወግዷል፤ የላክንላችሁ ብቸኛው ቅጂ ነው፤ ስትጨርሱ እባካችሁ ሳይጎዳ መልሱልን ይላል።

ወረቀቱን ይዤ መጋዘን ገባሁ። ሚስተር ሆሊስ ጓንታቸውን አድርገው አንድ ጥቅል በጣታቸው መሐል እያሳለፉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቁረጤን፣ በርሜሉን፣ ላብራቶሪ የሚባል ነገር አለመኖሩን። እጃቸው ቆመ። ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ፤ አጥፈው መለሱልኝ።

«መቁረጥህን አውቃለሁ» አሉ። «ፊልሙን አሳይቼዋለሁ እኮ። ታዘዝክ፤ ቆረጥክ። እኔም ታዝዤ ብዙ አሳይቻለሁ።» ጓንታቸውን አወለቁ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ምሳ በላህ።»

የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ነክ ነገር በትህትና ይነግሩኛል፤ ስህተት ስሠራ ያርሙኛል፤ ምሳቸውን ግን ለብቻቸው ይበሉ ጀመር። በጸደይ ሥራ ለቀው ቴክሳስ ወዳለች እህታቸው ሄዱ። የሚሄዱበትን ቀን አልነገሩኝም። ጠዋት ስገባ ገበታዬ ላይ የዶሪስ ሞስ የትምህርት ቤት አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነበር። ከሥሩ «አንተ ንገራት» ይላል።

ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ፤ ስሜም መጨረሻ ላይ ወጣ። የሚያውቁኝ ሐበሾች ደውለው እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ግን የትምህርት ቤቶቹን ቅጂዎች በሣጥን እያሸግሁ፣ ከአድራሻዎቹ መሐል የዶሪስን ትምህርት ቤት አየሁ። ያን ሣጥን በእጄ አሽጌ ላክሁት። ከአሥር ቀን በኋላ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ሄድኩ።

ተማሪዎቹ ወጥተው ነበር። ዶሪስ ሞስ ሰሌዳ እያጸዳች አገኘኋት። በዕድሜ የእኔ እኩያ ናት፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች። ስሜን ስነግራት ማጥፊያውን አስቀመጠች።

«ሚስተር ሆሊስ ጽፈውልኛል» አለች። «አንድ ሰው ይመጣል፤ ከመጣ አዳምጪው አሉኝ። ካልመጣ ግን እኔ እነግርሻለሁ ብለው ነበር። ሦስት ወር ጠበቅሁ።»

ነገርኳት። ካርዱን አውጥቼ አነበብኩላት። ክንዱ ላይ ስለነበረው የጠቆረ ቦታ ስደርስ እጇን ዘርግታ ካርዱን ተቀበለችኝና ራሷ ብዙ ጊዜ አነበበችው። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅርታውን ለኔ አይንገሩኝ» አለች። «ያንን ፊልም ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ያመጣው እሱን ነው፤ ሌላ የለኝም። አባቴ በዚያ መንገድ ላይ እንደነበር ሚስተር ሆሊስ ጽፈውልኝ ነበርና፣ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ከነሱ ጋር አየሁ። ሐሙስ ይምጡና ለነሱ ይንገሯቸው።»

ሐሙስ ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ፤ ጥቁርም፣ ነጭም፣ ሜክሲኮም። ዶሪስ ፕሮጀክተሩን ራሷ አዘጋጅታ ድልድዩ ያለበትን ቦታ አሳየቻቸው። ድልድዩ አለፈ፤ ነጩ ወታደር እጁን አወዛወዘ። መብራት አበራችና ዞራ አየችኝ።

«በነዚህ በሁለቱ መሐል ዘጠኝ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ» አልኳቸው። «ጠመንጃ ይዘው ወደ ጦር ሜዳ ይሄዱ ነበር። ከነሱ አንዱ የአስተማሪያችሁ አባት ነው። ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቁራጩንም የጣልኩት እኔ ነኝ። አሁን የትም የለም።»

አንዱ ልጅ ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ሚስተር ክሬን ያለኝን ነገርኳቸው። ሲነገር በጣም ትንሽ ምክንያት ነበር። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ጥቁር ልጅ እጇን አነሳች።

«እርስዎ ራስዎ ጥቁር አይደሉም እንዴ?»

ስታላግጥ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ልመልስላት ፈለግሁ። ስለ አገሬ፣ ስለ መጣሁበት መንገድ፣ እንግዳ ስለመሆን ልነግራት የምችለው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ አንዱም የሷ ጥያቄ መልስ አልሆነም።

«ነኝ» አልኳት።

እጇን አወረደች።

ዶሪስ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሸኘችኝ። አላመሰገነችኝም፤ አልወቀሰችኝም። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ቁልፏን በእጇ እያገላበጠች ቆየችና፣

«ስንት ጊዜ አይተውታል?» አለችኝ።

«ስሠራበት ነው የሰነበትኩት። ብዙ ጊዜ።»

«ካርዱ ላይ ያልጻፉት ነገር አለ። እንዴት ነበር የሚራመደው?»

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። በሁለት መኪኖች መሐል ካለው ቦታ ተነሳሁና እንደሱ ሄድኩላት። ጭቃ ስለነበር እግሩን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነሳው። ጠመንጃው ቀኝ ትከሻው ላይ ስለሆነ ግራው ዝቅ ይላል። አራት እርምጃ፤ ከዚያ ወደ ግራ ዞር ይላል፤ በግራ እጁ ኮሌታውን ይነካል። ሊስቅ ነው ብለህ ስታስብ ፊቱን ይመልሳል። ሦስት እርምጃ ሌላ፤ ከዚያ ያልቃል።

ቆምኩ። ዶሪስ መነጽሯን አውልቃ ይዛ ነበር።

«እባክዎ ይድገሙት» አለችኝ።

ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለስኩና እንደገና ሄድኩ።